አንድ ፕሮጀክተር፣ ሁለት ግድግዳ

በብዙ ስክሪን የሚታይ ፊልምና የመስታወት ጥበብ ገንዘብ ላለው ብቻ የተፈቀደ ቅንጦት ይመስለናል። ነገሩ ግን ከድሮም ቤታችን የነበረ ነው። የንግሥተ ሳባ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚሣለው በ44 ትንንሽ ክፍሎች በተከፈለ አንድ ሸራ ላይ ነው። ልጅነቱን በከፊል አዲስ አበባ ያሳለፈው የቪዲዮ ጥበብ ባለሙያ ቴዎ እሸቱም የአክሱምን ሐውልት መመለስ እ.ኤ.አ. በ2009 በ15 ስክሪኖች የተረከው ይህንኑ የአሣሣል ልማድ ይዞ ነው። «ብሬቭ ኒው ወርልድ» በተባለ ቀደምት ሥራው ደግሞ ቪዲዮን በመስታወት በተለበጠ ሣጥን ውስጥ አስገብቶ፣ ምስሉ ተባዝቶ ሉል እንዲመስል አድርጓል።

«ለእሱ ይሁን፣ ለጀማሪ ግን ወጪው አይቻልም» የሚል ይኖራል። ሁለት ስክሪን ለማግኘት ግን ሁለት ፕሮጀክተር አያስፈልግም። ኤዲት ስታደርጉ ፍሬሙን መሃል ለመሃል ክፈሉና ግራና ቀኙ ላይ የተለያየ ምስል አስቀምጡ። ከዚያ በግማሹ ብርሃን መንገድ ላይ መስታወት በ45 ዲግሪ አቁሙ፤ አንዱ ምስል ፊት ለፊት፣ ሌላው የጎን ግድግዳ ላይ ያርፋል። መስታወቱ ሌንሱን ከተጠጋ የሁለቱ ምስሎች ብርሃን ገና ስላልተለያየ ድንበራቸው ይደበዝዛል፤ ስለዚህ ራቅ ይበል። ብርሃኑ እስከ ሁለቱ ግድግዳዎች የሚጓዘው ርቀት እኩል ካልሆነ አንደኛው ፎከስ ያጣል። መስታወት ግራን ቀኝ ስለሚያደርግም ያንን ግማሽ አስቀድማችሁ ገልብጡት። ሁለቱ ምስሎች በአንድ ፋይል ስላሉ አንዱ ሌላውን ቀድሞ አይሄድም።

ከበድ ያለው ተቃውሞ «የተመልካች ዓይን ይበተናል» የሚለው ነው። እውነት አለው። አቤል ጋንስ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1927 በሠራው «ናፖሊዮን» ሦስቱን ስክሪኖች ጎን ለጎን የዘረጋው ፊልሙ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ነው። ሁለተኛ ስክሪን ቦታ የሚገባው ታሪኩ ራሱ ማነጻጸር ሲሆን ብቻ ነው። ከአምስት ኪሎ በአራት ኪሎ አልፎ ፒያሳ የሚደርሰውን መንገድ አስቡ። በአንዱ ግድግዳ በ2016 ዓ.ም. በከፊል ከመፍረሱ በፊት የተቀረጸው የፒያሳ ሰፈር፣ በሌላው ዛሬ በዚያው ቦታ ያለው ቢታይ፣ ተራኪ ሳያስፈልግ ተመልካቹ ልዩነቱን ራሱ ያገኘዋል። በአንድ ስክሪን ተራ በተራ ቢቀርብ ግን የመጀመሪያውን በትዝታ ብቻ መያዝ ይኖርበታል።

ስለዚህ መስታወት ከመግዛታችሁ በፊት ሁለተኛውን ምስል አውጥታችሁ ፊልሙን እዩት። ምንም ካልጎደለ ጌጥ ነበርና ተዉት፤ ከጎደለ ግን በገንዘብ እጦት አታሳብቡ፣ ሥሩት።