የታይሮይድ ሕክምናና የልኬቱ ጊዜ

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች እንቅርት ከመለመዱ የተነሣ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚል ተረት ያስገኘ ሕመም ሲሆን፣ ዋናው መንሥኤ ጎርፍ አፈሩን እያጠበ አዮዲን የተባለውን ንጥረ ነገር ስለሚወስደው እህሉና ውኃው የታይሮይድ ዕጢ የሚፈልገውን ያህል አለመያዛቸው ነው። ቀድሞ በቀይ ባሕር ወደቦች በኩል የሚመጣው ጨው አዮዲን ይጨመርበት የነበረ ቢሆንም፣ በ1990 ዓ.ም. የተነሣው የድንበር ጦርነት ያን መንገድ ከዘጋ በኋላ በአገር ውስጥ የሚመረተውና አዮዲን ያልተጨመረበት የአፍዴራ ጨው ቦታውን በመተካቱ፣ በ2003 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከመቶ 15 በሚሆኑ ቤቶች ብቻ ነበር፤ በዚያው ዓመት ጨውን በአዮዲን ማበልጸግን ግዴታ ያደረገ ደንብ ወጥቶ ቁጥሩ በ2008 ዓ.ም. ወደ 89 ከፍ ብሏል።

ይህ ትልቅ ውጤት ነው። ይሁንና ጨው መከላከያ እንጂ ዕጢው ከታወከ በኋላ የሚሰጥ ሕክምና ስላልሆነ፣ የታማሚው ጤንነት የሚወሰነው በደሙ ውስጥ ያለው ሆርሞን በትክክለኛው ጊዜ በመለካቱ ነው። የአንገት እብጠት ለዚህ ምስክር አይሆንም፤ ትልቅ እንቅርት ያለበት ሰው ሆርሞኑ የተስተካከለ ሊሆን ሲችል፣ አንገቱ ላይ ምንም የማይታይበት ሰው በሆርሞን ማነስ ሊደክም፣ ብርድ ሊበዛበትና ሆዱ ሊደርቅ ይችላል። የተለመደው መለኪያ ቲኤስኤች ሲሆን፣ እርሱም ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ ታይሮይድን ለማነቃቃት የምታመነጨው፣ የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ የሚጨምርና ሲበዛ የሚቀንስ ሆርሞን ነው።

ስሕተት የሚበዛው በጊዜው ላይ ነው። ሆርሞን ላነሰው ሰው የሚሰጠው ሌቮታይሮክሲን በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ አንድ ሳምንት ያህል ስለሚፈጅ፣ ፒቱታሪም ለለውጡ ቀስ ብላ ስለምትመልስ፣ የመድኃኒቱ መጠን ከተቀየረ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሳይሞላ የሚደረግ ምርመራ ገና ያልረጋ ውጤት ያሳያል፤ በእርሱ ተመሥርቶ መጠኑን መጨመርም ታማሚውን ወደ ተቃራኒው ሕመም ሊገፋው ይችላል። ሆርሞን በዝቶበት ፕሮፒልታዮዩራሲል በሚወስድ ሰው ዘንድ ግን ሆርሞኑ ከተስተካከለ በኋላም ቲኤስኤች ለወራት ዝቅ ብሎ ሊቆይ ስለሚችል፣ እርሱን ብቻ ያየ ሐኪም መድኃኒቱን ከልክ በላይ ሊያበዛ ይችላል፤ ስለዚህ ታይሮክሲን የተባለው ዋናው ሆርሞን ራሱ አብሮ መለካት አለበት። ሁለቱን ምርመራዎች በገንዘብ እጥረት ወደ አንድ ማሳነስ በተለይ በእነዚህ ወራት ብዙ ጉዳት ያስከትላል።

ልኬቱ ትርጉም የሚኖረው አወሳሰዱ ከቀን ቀን ሳይለዋወጥ ሲቀር ነው። ሌቮታይሮክሲን በባዶ ሆድ፣ ከቁርስና ከቡና ከ30 እስከ 60 ደቂቃ አስቀድሞ መወሰድ ሲኖርበት፣ እስከ ከሰዓት በኋላ ውኃ ለማይቀምስ ጾመኛ ከመጨረሻው ምግብ 3 ሰዓት ያህል ቆይቶ ማታ መውሰድ ጥሩ አማራጭ ነው። ይህን መድኃኒት የምትወስድ ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ የሆርሞን ፍላጎቷ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ ከሩብ እስከ ግማሽ ያህል ስለሚጨምር እስከ እርግዝናው አጋማሽ በየ4 ሳምንቱ መመርመር ያስፈልጋታል፤ ለደም ማነስ መከላከያ የሚሰጣት የብረት ኪኒን የሆርሞኑን ከአንጀት መመጠጥ ስለሚያውክም ሁለቱን ቢያንስ በ4 ሰዓት ማራራቅ ይኖርባታል።