ቡሉክ ለተከራያችሁ፦ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ

ቡሉክ ሰፈር ቤት ተከራይታችሁ ውኃ ከቦቴ እየገዛችሁ ሮቶ ለምትሞሉ ወገኖቼ፣ ከቧንቧ ሠራተኛ የተላከ ምክር ነው። በየሰከንዱ ጠብ የሚል ቧንቧ በቀን 86,400 ጠብታ ያፈስሳል። አንዱ ጠብታ ሩብ ሚሊ ሊትር ቢሆን ከ21 ሊትር በላይ ነው፤ አንድ ሙሉ ጀሪካን፣ ያውም ገንዘብ የከፈላችሁበት።

እባካችሁ እጀታውን በኃይል አታጥብቁት፤ ውስጥ ያለችውን ጎሚኒ ይበልጥ ትጨፈልቋታላችሁ። ከሮቶው የሚወርደውን መስመር ዝጉ፣ ቧንቧው ውስጥ የቀረውን ውኃ አፍስሱ፣ ከዚያ የቧንቧውን ራስ በመፍቻ ፍቱ። ጎሚኒዋን መሃሏ ሰርጉዶ ወይም ጠርዟ ተሰንጥቆ ታገኟታላችሁ። አሮጌዋን ይዛችሁ ሄዳችሁ ልኳን ግዙ። አዲሷን ከመግጠማችሁ በፊት የምታርፍበትን ቦታ በጣት ዳስሱት፤ ከሻከራችሁ ተበልቷል፣ አዲስ ጎሚኒም አይበረክትም። አሸዋና ደለል ቶሎ ስለሚበሉት ሮቶውን አሳጥቡ። ሩብ ዙር ብቻ የሚዞረው ቧንቧ ብዙውን ጊዜ ጎሚኒ ሳይሆን የሴራሚክ ካርትሪጅ ነው ያለው፤ እሱ በሙሉ ይቀየራል።

ከመፍታታችሁ በፊት ግን ለአከራዩ በቪዲዮ አሳዩት። ወጪው ከኪራይ ይቀነስ እንደሆነ አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ደረሰኙንና አሮጌውን ዕቃ አትጣሉ።