እግረኛ፣ ብስክሌተኛና የተራራ በግ በአንድ የሸለቆ መንገድ

በአሜሪካ በኮሎራዶ ግዛት፣ ከዴንቨር ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ የሚገኘው የዋተርተን ሸለቆ፣ ልጆቻቸውን አስከትለው በእግርና በብስክሌት የሚንሸራሸሩ ቤተሰቦች ከሚያዘወትሯቸው ሥፍራዎች አንዱ ነው። የሳውዝ ፕላት ወንዝ ቋጥኙን ሰንጥቆ በሚወርድበት በዚህ ሸለቆ የተዘረጋው የጠጠር መንገድ ግን ለሽርሽር ተብሎ የተሠራ አይደለም። መንገዱ የውኃ ሠራተኞች መመላለሻና የዱር በጎች መዋያ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የሚጠጣው ውኃ የሚጠበቀው በእርሱ በኩል ነው።

ስለዚህ መንገዱን የሚጠቀም ሁሉ ከእርሱ ለሚቀድመው ተራ መልቀቅ ይኖርበታል። ይህ ተራ ሲዘነጋ መንገዱ የሚዘጋበት ጊዜ እንደሚመጣ የሸለቆው ታሪክ በተደጋጋሚ አሳይቷል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመንገዱ አመጣጥ

በሸለቆው ውስጥ ጥርጊያ ያወጣው የባቡር ኩባንያ ነው። በ1870ዎቹ ዓመታት ከዴንቨር ወደ ተራራማው የማዕድን አገር የሚያመራ ጠባብ የባቡር ሐዲድ በወንዙ ዳር ተዘረጋ። ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት መውጣት ስለማይችል፣ ሐዲዱ የወንዙን ዳር ይዞ ቀስ እያለ ከፍ እንዲል ተደርጎ ተሠራ። ዘመኑ አልፎ ሐዲዱ ከተነቀለ በኋላ የቀረው መንገድ ዛሬ ለሕፃናት ብስክሌት እንኳ የማያስቸግር ለስላሳ ዳገት ሊሆን የበቃው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ባለጉዳይ እርሻ ነበር። ከሸለቆው አፍ ጥቂት ገባ ብሎ ወንዙ ተጠለፈና ሃይ ላይን የተባለው የመስኖ ቦይ በ1883 ተጠናቀቀ። 71 ማይል ወይም 114 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ይህ ቦይ፣ ደረቁን ሜዳ እያቋረጠ ለሰፋሪ ገበሬዎች ውኃ እንዲያደርስ የታሰበ ነበር። ይሁን እንጂ በኮሎራዶ የውኃ ሕግ መሠረት ቀድሞ ውኃ የጠለፈ ቀድሞ ይጠጣል። ቦዩ በተራው ወደ ኋላ የሚመደብ ስለነበረ ዝናብ ባጠረ ዓመት ብዙ ጊዜ ደርቆ ይከርም ነበር።

ዛሬ የቦዩ ዳር በአብዛኛው የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሆኗል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በኦሮራ ከተማም ያልፋል። ስለሆነም በሰፈራቸው አቅራቢያ በቦዩ ዳር ልጆቻቸውን ብስክሌት የሚያለማምዱ ወገኖች፣ ሽቅብ ቢከተሉት የሚያደርሳቸው ወደዚሁ ሸለቆ ነው።

ሦስተኛውና ትልቁ ባለጉዳይ የከተማው የመጠጥ ውኃ ነው። ዴንቨር ዋተር የተባለው የውኃ አገልግሎት ድርጅት ስትሮንቲያ ስፕሪንግስ የሚባለውን ግድብ በ1983 ሠርቶ አጠናቀቀ። 74 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ይህ ግድብ ወንዙን አቁሮ ውኃውን በዋሻ ቦይ ወደ ማጣሪያ ጣቢያ ይልካል። ድርጅቱ ለሕዝቡ ከሚያቀርበው ውኃ 80 በመቶ ያህሉ የሚያልፈው በዚህ በኩል ነው። ከሸለቆው አፍ እስከ ግድቡ ያለው 10 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድም የጥገና መኪናዎች የሚመላለሱበት የሥራ መንገድ ሲሆን፣ ሕዝቡ እንዲንሸራሸርበት የተፈቀደው ይህ ሥራ ሳይስተጓጎል ነው።

ከዚህም በተጨማሪ ተራሮቹን አቋርጦ እስከ ዱራንጎ ከተማ የሚዘልቀው፣ ከ480 ማይል በላይ ርዝመት ያለው የኮሎራዶ የእግር መንገድ መነሻ ይኸው ሸለቆ ነው። ለሳምንታት የሚበቃ ስንቅ በጀርባው ያዘለ መንገደኛና እናቱን ተከትሎ ዱብ ዱብ የሚል ሕፃን በአንድ ጠጠር ላይ ይተላለፋሉ።

ለበጎቹ መንገድ መልቀቅ

በሸለቆው ገደላገደል ላይ የሚኖሩት ቀንዳቸው ወፍራምና ጥምዝ የሆነ የዱር በጎች ለልጆች ትልቅ ደስታ ናቸው። የኮሎራዶ ግዛት መለያ እንስሳ የሆኑት እነዚህ በጎች ብዙውን ጊዜ ከገደሉ ወርደው በመንገዱ ላይ ይቆማሉ፤ ከጠጠሩም ላይ ጨው ሲልሱ ይታያሉ። ለቤት እንስሳቱ አሞሌ የሚያስልስ ገበሬ ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል።

የበጎቹ ደኅንነት ግን የሚታየውን ያህል አስተማማኝ አይደለም። ግድቡ በሚሠራበት ጊዜ፣ በ1980 ገደማ፣ መንጋው በሳንባ ምች ክፉኛ ተመትቶ ብዙዎቹ አልቀዋል። ጉዳዩን ያጠኑ ባለሙያዎች የግንባታው አቧራና ሁከት በጎቹን አስጨንቆ በሽታን የመቋቋም ኃይላቸውን ሳያዳክም እንዳልቀረ ገልጸዋል። እንስሳ ሲደነግጥና ዕረፍት ሲያጣ ለበሽታ እንደሚጋለጥ ማንኛውም ከብት አርቢ የሚያውቀው ነው።

ወደ ሸለቆው ውሻ ይዞ መግባት የተከለከለውም በዚህ ምክንያት ነው። ውሻው የቱንም ያህል ጨዋ ቢሆንና በገመድ ቢታሰር፣ ለበጉ ከተኩላ ዘመድ ሌላ ምንም አይደለም። በጉ ውሻ ባየ ቁጥር ወደ ገደሉ ይሸሻል፤ ለክረምቱ ብርድ ሊያጠራቅመው የሚገባውን ጉልበት በሩጫ ይጨርሳል።

ሰውም ቢሆን ከወቀሳ አያመልጥም። በ2015 የበጋ ወራት መጨረሻ ላይ ድቦች ግልገሎቻቸውን እየመሩ በመንገዱ አካባቢ መታየት ጀመሩ። ጎብኚዎች ከመራቅ ይልቅ ጀርባቸውን ለድቦቹ ሰጥተው፣ ስልካቸውን በዘንግ ላይ ሰክተው ራሳቸውን ከአውሬው ጋር ፎቶግራፍ ማንሳት ያዙ። የውኃ ድርጅቱም አደጋ ከመድረሱ በፊት ሸለቆውን ለሕዝብ ዘጋ። በጥቂት ሰዎች ቸልተኝነት፣ ደንቡን አክብሮ የሚመላለሰው ቤተሰብም አብሮ ከመንገዱ ተከለከለ።

ከተራራው የወረደው ደለል

የበጎቹ ነገር በዓይን የሚታይ ነው። መንገዱን ይበልጥ የሚያሰጋው ግን ከጎብኚው ዓይን ርቆ፣ ከግድቡ በላይ ባሉት ተራሮች ላይ የሚገኘው አፈር ነው። የአካባቢው ቋጥኝ በአብዛኛው ግራናይት ሲሆን፣ በጊዜ ብዛት እየተፈረፈረ ወደ ደቃቅ ጠጠርነት ይለወጣል። ይህን ልቅ አፈር በዳገቱ ላይ ይዞ ያቆየው የጥድ ደንና ሥሩ ላይ ያለው ሣርና ቅጠል ነው።

በግንቦት 1996 በሰው እጅ የተነሣ የሰደድ እሳት በቡፋሎ ክሪክ አካባቢ 4,800 ሄክታር ያህል ደን አቃጠለ። ኃይለኛ እሳት ባለፈበት መሬት ላይ የአፈሩ ገጽ ውኃ የማያሰርግ ይሆናል፤ የዝናቡ ውኃ መሬት ውስጥ ሳይገባ እንደ ጣሪያ ላይ ውኃ ይንሸራተታል። እሳቱ ከጠፋ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ በሐምሌ ወር የጣለው ከባድ ዝናብ ጎርፍ አስነሥቶ የሁለት ሰዎችን ሕይወት አጠፋ። አመዱና አፈሩም ከተቃጠለ ግንድ ጋር ተጠራርጎ ወደ ስትሮንቲያ ስፕሪንግስ ግድብ ገባ።

ይህ ጉዳት ሳያገግም በሰኔ 2002 ሄይማን የተባለው፣ እንዲሁ በሰው እጅ የተለኮሰ እሳት 56,000 ሄክታር ያህል መሬት አዳረሰ። በዚያው ተፋሰስ ውስጥ በስድስት ዓመት ልዩነት ሁለት ጊዜ አፈሩ ያለ ሽፋን ቀረ። ከዚያ በኋላ በጣለ ዝናብ ሁሉ ደለል ወደ ወንዙ መውረዱን ቀጠለ።

ዴንቨር ዋተር በሁለቱ እሳቶች ምክንያት ለደለል ማስወገጃ፣ ለውኃ ጥራትና ለመሬት ማገገሚያ ከ27 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል። በ2011 ከግድቡ ደለል ለማውጣት ሥራ በተያዘበት ጊዜም ከባድ መኪናዎችና መሣሪያዎች የሚመላለሱት በዚሁ የሸለቆ መንገድ ስለነበር መንገዱ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ተዘጋ። ተራራ ላይ ሳይጠፋ የቀረ አንድ እሳት ከዓመታት በኋላ እታች ያለውን ሕፃን ከብስክሌቱ ሊያወርደው እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከዚህ ትምህርት በመነሣት ድርጅቱ ከአገሪቱ የደን አገልግሎት ጋር በ2010 ስምምነት አደረገ። እያንዳንዳቸው 16.5 ሚሊዮን ዶላር መድበው፣ በውኃ መገኛ ተራሮች ላይ እጅግ የተጠጋጋውን ደን የማሳሳት፣ የተቃጠለውን ቦታ በዛፍ የመሸፈንና የአፈር መሸርሸርን የመከላከል ሥራ ጀመሩ። የከተማው ነዋሪ ለውኃ የሚከፍለው ገንዘብ ከፊሉ ርቆ ለሚገኘው ዳገት ጥበቃ እንዲውል መደረጉ፣ ከግድብ በፊት አፈርን መያዝ ርካሽ መሆኑን ያስገነዝባል። ይህ ለማንኛውም አገር የተፋሰስ ልማት ሠራተኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ዋጋው በዶላር ተቆጥሮ ሲቀርብ ግን ይበልጥ ይጎላል።

ለቤተሰብ ጉዞ የሚጠቅሙ ነጥቦች

ወደዚህ ሸለቆ፣ ወይም እርሱን ወደ መሰለ የጋራ መንገድ ቤተሰቡን ይዞ የሚሄድ ሰው የሚከተሉትን ቢያስተውል ጉዞው ያማረ ይሆናል።

አንደኛ፣ ከቤት ከመውጣት በፊት መንገዱ ክፍት መሆኑን መጠየቅ ያስፈልጋል። ሸለቆው ለጥገናና ለግድቡ ሥራ የሚዘጋባቸው ጊዜያት አሉ። ልጆችን አዘጋጅቶ ከበር መመለስ ደግሞ ቅሬታ ያስከትላል።

ሁለተኛ፣ ማለዳ መነሣት ይመረጣል። አካባቢው ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ያለውና አየሩ ደረቅ የሆነ ሲሆን፣ በበጋ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ይበረታል፤ ድንገተኛ የነጎድጓድ ዝናብም ይመጣል። ለእያንዳንዱ ሰው በቂ የመጠጥ ውኃ፣ ባርኔጣ፣ ቀለል ያለ ስንቅና የዝናብ ልብስ መያዝ ተገቢ ነው። የወንዙ ውኃ ጠርቶ ቢታይም ሳይጣራ አይጠጣም።

ሦስተኛ፣ የጉዞው ልክ በትንሹ ልጅ አቅም ይወሰን። እስከ ግድቡ ደርሶ መመለስ ከ20 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ስለሆነ ለሕፃን እግር ብዙ ነው። ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ገብቶ፣ በወንዙ ዳር አርፎ መመለስ ነውር የለበትም። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ልጁ ሲጠነክር ግድቡ በቦታው ይጠብቀዋል።

አራተኛ፣ ብስክሌት ከመነሣቱ በፊት ፍሬኑና ጎማው ይፈተሽ፤ የጎማ መንፊያም ይያዝ። ሲወጡ የማይታወቀው ዳገት ሲመለሱ ቁልቁለት ነው። ልጁ በልቅ ጠጠር ላይ ድንገት ፍሬን ቢይዝ ጎማው ስለሚያንሸራትት፣ ፍጥነቱን ቀድሞ እንዲቀንስ መለማመድ አለበት። የራስ መከላከያ ቆብ ለልጅ ብቻ ሳይሆን ለአባትም ያስፈልጋል።

አምስተኛ፣ የመተላለፍ ሥርዓት ይከበር። በኮሎራዶ የተለመደው ደንብ ብስክሌተኛ ለእግረኛ፣ ሁለቱም ለፈረሰኛ ቅድሚያ እንዲሰጡ ነው። እግረኛውም ቀኙን ይይዛል። ብስክሌተኛ ከኋላ ሲደርስ ደወል ይደውላል ወይም ድምፅ ያሰማል፤ ፍጥነቱንም ቀንሶ በግራ በኩል ያልፋል። ቤተሰቡ መንገዱን ሞልቶ ጎን ለጎን ከመሄድ ይልቅ፣ አንድ ትልቅ ሰው ከፊት፣ ሌላው ከኋላ ሆኖ ልጆችን መሐል ቢያስገባ ሁሉም በሰላም ይተላለፋል። የጥገና መኪና ሲመጣ ደግሞ ከብስክሌት ወርዶ ዳር መያዝ ይገባል።

ስድስተኛ፣ በጎች በመንገድ ላይ ከቆሙ ራቅ ብሎ መጠበቅ እንጂ መሐላቸውን ሰንጥቆ ማለፍ ወይም ምግብ መወርወር አይገባም። የምግብ ትራፊና ቆሻሻም ተይዞ ይመለሳል፤ የክብሪትና የሲጋራ ነገርማ ከላይ ከተነገረው በኋላ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ አያሻውም።

የጋራ ንብረት ጥበቃ

የዋተርተን ሸለቆ መንገድ አጥር የበዛበት፣ በየእርምጃው ጠባቂ የቆመበት ሥፍራ አይደለም። ደንቡ የሚጸናው በተጠቃሚው ፈቃድ ነው። አንድ ልጅ ለእግረኛ ፍጥነቱን ሲቀንስ፣ ለበግ ቆሞ ሲጠብቅ፣ ለሠራተኛ መኪና ዳር ሲይዝ የሚማረው የብስክሌት አነዳድ ብቻ አይደለም። በጋራ ንብረት የሚጠቀም ሰው ከእርሱ በፊትና ከእርሱ በኋላ ሌላ ተጠቃሚ እንዳለ ማወቅን ጭምር ነው።

መንገዱን ክፍት አድርጎ ለማቆየት ግን የሸለቆው ሥነ ሥርዓት ብቻውን አይበቃም። ዳገቱ ላይ ያለው ዛፍና ሣር አፈሩን ይዞ እስከቆየ ድረስ ወንዙ ጠርቶ ይወርዳል፣ ግድቡ ደለል አይሞላውም፣ የደለል ጠራጊ መኪናም ቤተሰቡን ከመንገዱ አያስወጣውም። ስለዚህ የሽርሽር መንገድን መጠበቅ የሚጀምረው መንገደኛው ከማይደርስበት ከተራራው አናት መሆኑን መገንዘብ፣ ለጎብኚውም ሆነ ለውኃው ባለቤት እኩል የሚጠቅም ነው።