ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ የሚመጣ ጥማት

መኪና የገጨው ውሻ ቁስሉ ሽሮ መራመድና መብላት ሲጀምር ባለቤቱ እፎይ ይላል። በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ግን ውሻው ከውሃ ሳህኑ አልነሳ ሊል፣ ሌሊትም ቤት ውስጥ ሊሸና ይችላል። ብዙ ሰው ይህን ብልግና ወይም የድንጋጤ ርዝራዥ ያደርገዋል። ጭንቅላቱ የተመታ ውሻ እንዲህ ሲጠማ ግን መጠርጠር ካለባቸው ነገሮች አንዱ ሆርሞን ነው። ከአንጎል ሥር ፒቱታሪ የምትባል ትንሽ ዕጢ በቀጭን ዘንግ ሃይፖታላመስ ከሚባለው የአንጎል ክፍል ጋር ተያይዛ ትገኛለች። ሃይፖታላመስ የሚያመርተው ቫሶፕሬሲን የተባለ ሆርሞን በዘንጉ ወርዶ በዕጢዋ የኋላ ክፍል ይከማቻል፤ ወደ ደም ሲለቀቅ ኩላሊት ውሃውን መልሶ እንዲመጥ ያደርጋል። ኃይለኛ ምት ዘንጉን ከጎዳው ሆርሞኑ ስለሚጎድል ኩላሊት ውሃ መያዝ ያቅተዋል፣ ሽንቱም ይቀጥናል። ስለዚህ ውሻው ብዙ የሚጠጣው የፈሰሰውን ለመተካት ነው። ሕመሙ ማዕከላዊ ዲያቢተስ ኢንሲፒደስ ይባላል፤ ከስኳር በሽታ የተለየ ነው። አንዳንዴ ምቱ ያመጣው እብጠት ሲቀንስ ይጠፋል፤ ሆርሞኑን የሚያመርቱት ሴሎች ከሞቱ ግን ዕድሜ ልክ ይዘልቃል።

በሽታው ብርቅ ነው፣ ለምን ያስጨንቃል የሚል ይኖራል። ብርቅነቱ እውነት ነው። ውሃ የሚያበዙ ውሾች በአብዛኛው የኩላሊት ችግር፣ የስኳር ወይም የኩሺንግ በሽታ፣ ሴቷ ደግሞ ካልመከነች የማህፀን መግል ያለባቸው ናቸው። ለአንጎል እብጠት የሚሰጠው ማኒቶል የተባለ መድኃኒትም ለጊዜው ሽንት ያበዛል። ይሁን እንጂ እነዚህን ሁሉ የሚለየው የሽንትና የደም ምርመራ ስለሆነ፣ ብርቅነቱ ምርመራውን ለመተው ምክንያት አይሆንም። መነሻውም ቀላል ነው፤ ውሻው በ24 ሰዓት የሚጠጣውን መለካት። በኪሎ ክብደቱ ከ100 ሚሊ ሊትር ካለፈ፣ ማለትም ባለ 20 ኪሎው ውሻ ከ2 ሊትር በላይ ከጠጣ፣ ለሐኪም መነገር አለበት።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሽንቱን ለማስቀረት ውሃ የሚከለክል ሰው ነው። ይህ በሽታ ያለበት ውሻ ውሃ ካጣ በደሙ ያለው ሶዲየም በፍጥነት ይጨምራል፣ የአንጎል ሴሎች ውሃቸውን ያጣሉ፤ መንቀጥቀጥና ሞትም ሊከተል ይችላል። ውሃ ከልክሎ መመርመር የሐኪም ብቻ ሥራ ነው። ሕክምናው በአብዛኛው ዴስሞፕሬሲን የተባለ ሰው ሠራሽ ሆርሞን ሲሆን ዓይን ላይ በጠብታ ሊሰጥ ይችላል። እስከዚያው ግን የውሻችሁን ሳህን አታንሱ፣ የጠጣውን ጽፋችሁ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት፤ ጭንቅላቱ መመታቱንም ሳትረሱ ንገሩ።