መሪ ሯጭ፦ የቡድኑ ሌላው አትሌት

በ2024 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ፓራሊምፒክ የኢትዮጵያ ቡድን ሁለት ወርቅና አንድ ብር አገኘ፤ ሦስቱም በ1500 ሜትር። ትዕግሥት ገዛኸኝ የሮጠችው በከፊል ማየት ለሚችሉ በተመደበው ቲ13 ስለሆነ ብቻዋን ነበረች። የያየሽ ጌቴ ምድብ፣ ቲ11፣ ግን ሌላ ነው። እዚህ ተወዳዳሪዎች ሁሉ ዓይናቸውን ሸፍነው ከመሪ ሯጭ ጋር በአጭር ገመድ ተያይዘው ይሮጣሉ። መሪው ከአትሌቷ ቀድሞ የመጨረሻውን መስመር ሊያልፍ አይፈቀድለትም። ስለዚህ ፍጥነቷን የሚችል፣ ከዚያም በላይ ትርፍ ትንፋሽ ያለው ሰው ያስፈልጋል፤ ኩርባውንና የተፎካካሪዎቿን ቦታ እየሮጠ የሚነግራት እርሱ ነውና። ያየሽ በ4 ደቂቃ ከ27.68 ሰከንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ስትሰብር መሪዋም ያንኑ ርቀት በዚያው ፍጥነት ሮጧል። እንዲህ ያለውን ሰው «ረዳት» ማለት፣ በእኔ አስተያየት፣ ስሕተት ነው፤ ሥልጠናውም ሆነ ሽልማቱ እንደ አትሌት ሊታቀድለት ይገባል።