ስለ ጡት መመታትና ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው ለውጥ



እጁን ወይም እግሩን የተመታ ሰው ሕመሙን ሳያፍር ይናገራል፤ ቁስሉንም ለጎረቤት ያሳያል። ጡትዋን የተመታች ሴት ግን አብዛኛውን ጊዜ ነገሩን በልብስዋ ሸፍና ዝም ትላለች። ዝምታው ከምቱ የበለጠ ጉዳት የሚያመጣበት ጊዜ ስላለ፥ በዚህ ወር እትማችን ስለዚሁ ጉዳይ የሕክምና ትምህርት የሚያውቀውን በግልጥ ለማስረዳት አስበናል።

በሆሳዕናና በዱራሜ፥ በሌሎችም የሐዲያና የከምባታ ከተሞች፥ ለዚህ ጉዳት ምክንያት የሚሆኑት ነገሮች ሩቅ አይደሉም። ላም ስታልብ የተረገጠች አለች፤ እንሰት ስትፍቅ መፋቂያው አምልጦ ደረትዋን የመታት አለች፤ ከባጃጅ ወይም ከሞተር ብስክሌት የወደቀች፥ መኪና ሲጋጭ የደኅንነት ቀበቶው ደረትዋን የጨመቃት አለች። በባልዋ እጅ የተመታችም አለች፤ ወደ እርስዋ ኋላ እንመለሳለን።

በመጀመሪያ ጡት ሲመታ በውስጡ ምን እንደሚሆን እንመልከት። ጡት አጥንት የሌለው አካል ነው። ወተት የሚሠሩ ዕጢዎችና ቦዮች፥ በእነርሱም መካከል ብዙ ስብና ቀጫጭን የደም ሥሮች ይገኙበታል። ምት ሲያርፍበት አስቀድመው የሚበጠሱት እነዚህ የደም ሥሮች ናቸው። ደሙ በሥጋው ውስጥ ፈስሶ ቆዳው ይበልዛል፥ ያብጣልም። ይህ አብዛኛውን ጊዜ በ2 ወይም በ3 ሳምንት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። ብዙ ደም በአንድ ስፍራ ከተጠራቀመ ግን ይጓጉልና እንደ እባጭ ሆኖ በእጅ ይዳሰሳል።

ሁለተኛው ጉዳት የሚደርሰው በስቡ ላይ ነው። የስብ ሕዋሳት ሲፈርሱ በውስጣቸው የነበረው ዘይት ይፈስሳል፤ ሰውነትም ዘይቱን እንደ ባዕድ ነገር ቆጥሮ በጠባሳ ያጥረዋል። ስለዚህ ምቱ ከተረሳ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ጠንካራ እብጠት ሊገኝ ይችላል። አንዳንድ ጊዜም ጠባሳው ቆዳውን ወደ ውስጥ ስለሚስበው መልኩ ነቀርሳን (ካንሰርን) ይመስላል። ሊ እና አዴይር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች ይህንን ሁኔታ ከነቀርሳ ለመለየት የሚረዳ ጽሑፍ በ1920 አውጥተዋል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ይህ የስብ እብጠት ነቀርሳ አይደለም፤ ወደ ነቀርሳም አይለወጥም።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶች በሕዝብ ዘንድ ይታያሉ። አንደኛው፥ «ምት ነቀርሳ ያመጣል» የሚለው ነው። ይህ እውነት አይደለም። ምት የሚያደርገው ነገር ቢኖር የሴቲቱን እጅ ወደ ጡትዋ መሳብ ነው፤ ስትዳስስም ከምቱ አስቀድሞ የነበረውን እባጭ ታገኝና ምቱ ያመጣው ይመስላታል። ሁለተኛው ስሕተት ደግሞ ከመጀመሪያው ይብሳል፤ ይኸውም «ከምቱ የመጣ ነውና ራሱ ይጠፋል» ብሎ ወራትን ማሳለፍ ነው። በአገራችን ሴቶችን ከሚይዙት የነቀርሳ ዓይነቶች ሁሉ የጡት ነቀርሳ በብዛቱ ቀዳሚ ነው፤ ብዙዎችም ወደ ሐኪም የሚቀርቡት ደዌው ከተስፋፋ በኋላ ነው። የስቡን እብጠት ከነቀርሳ በእጅ ዳሰሳ ብቻ መለየት ለሐኪምም ቢሆን አስቸጋሪ ነው። መለየት የሚቻለው በአልትራሳውንድ ወይም በጡት ራጅ፥ ይህም ካልበቃ በመርፌ ከእባጩ ጥቂት ተወስዶ በመመርመር ነው።

አሁን ደግሞ በከተሞቻችን እምብዛም ስለማይነገር ነገር እናንሣ። ይህም በጡት ውስጥ በቀዶ ሕክምና ስለሚገባው ሰው ሠራሽ ከረጢት ነው። ከአውራጃችን ብዙ ወንድሞችና እኅቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ፥ ወደ ዐረብ አገሮችና ወደ አሜሪካ ሄደው ይኖራሉ፤ ከእነርሱም መካከል በነቀርሳ ምክንያት ጡታቸው ተቆርጦ ወይም በራሳቸው ፈቃድ ይህን ያስገቡ ይኖራሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እኅት ለዘመድ ሠርግ ከውጭ አገር መጥታ ሳለ በመንገድ ላይ የተሳፈረችበት መኪና ተጋጨ። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በመጀመሪያው ቀን ሲመረምራት የደረትዋ አጥንት ደኅና ነበር፤ ስለ ቀድሞ ቀዶ ሕክምና ሲጠይቃትም «ምንም የለም» አለች። አክስትዋ አጠገብዋ ቆመው ነበርና እውነቱን መናገር አፈረች። ከ3 ሳምንት በኋላ አንደኛው ጡትዋ ቅርጹ ተለውጦ ተመለሰች፤ ያን ጊዜ ብቻዋን ስለ ነበረች ሁሉንም ነገረችን። ጥፋቱ የእርስዋ ብቻ አልነበረም፤ እኛም አክስትዋን በትሕትና ወደ ውጭ ልናወጣቸው ይገባን ነበር።

በሲሊኮን የተሠራው የመጀመሪያው ከረጢት በአንዲት ሴት ጡት ውስጥ የገባው በ1962 በአሜሪካ፥ በቴክሳስ ግዛት በሂውስተን ከተማ ነው። ሥራውን የሠሩትም ክሮኒንና ጄሮው የተባሉ ሐኪሞች ናቸው። ከረጢቱ ዛሬ በሁለት ዓይነት ይገኛል፤ አንዱ በጨው ውሃ፥ ሁለተኛው እንደ ማር በረጋ ሲሊኮን የተሞላ ነው። ሰውነት በከረጢቱ ዙሪያ የጠባሳ ሽፋን ይሠራል፤ ይህ በሁሉም ዘንድ የሚሆን ነገር እንጂ በሽታ አይደለም።

እንዲህ ያለ ጡት ሲመታ ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ለውጦች ሊመጡ ይችላሉ፤

1ኛ. በከረጢቱ ዙሪያ ደም ሊጠራቀም ይችላል። ጡቱ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ያብጣል፥ ይወጠራል፥ ያማልም።

2ኛ. የጨው ውሃው ከረጢት ቢቀደድ ውሃው ወደ ሰውነት ይገባል፤ ጡቱም አየሩ እንደ ወጣ ኳስ ይሟሽሻል። ውሃው ጉዳት የለውም።

3ኛ. የሲሊኮኑ ከረጢት ቢቀደድ የረጋው ነገር በጠባሳው ሽፋን ውስጥ ታግዶ ሊቀር ይችላል። በዚህ ጊዜ ሴቲቱ ምንም ላይሰማት ይችላል። ሽፋኑም አብሮ ከተቀደደ ግን ሲሊኮኑ ወደ ሥጋው፥ አንዳንድ ጊዜም ወደ ብብት ዕጢዎች ይደርሳል፤ እባጭ፥ ሕመምና የቅርጽ ለውጥም ይታያል።

4ኛ. ከረጢቱ ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል፤ በወራት ውስጥም የጠባሳው ሽፋን እየጠበበ ጡቱን ሊያጠነክረውና ሊያሳምመው ይችላል።

ከረጢት ለዕድሜ ልክ የሚያገለግል ዕቃ አይደለም፤ በቆየ ቁጥር እየደከመ ይሄዳል። ስለዚህ ቀላል የመሰለ ምት አስቀድሞ የደከመውን ሊቀድደው ይችላል። የአሠራር ጕድለትም ይኖራል፤ ፒ.አይ.ፒ. የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ለፋብሪካ ሥራ የተዘጋጀ፥ ለሕክምና ያልተፈቀደ ሲሊኮን ሲሞላ ስለ ተገኘ ዕቃው በ2010 ከገበያ ታግዷል፤ መሥራቹም በ2013 ተፈርዶበታል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2020 ባወጣው ምክር፥ የሲሊኮን ከረጢት ያለባት ሴት ምንም ባይሰማትም እንኳ ቀዶ ሕክምናው ከተደረገ ከ5 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ፥ ከዚያም በኋላ በየ2 ወይም በየ3 ዓመቱ በአልትራሳውንድ ወይም በኤም.አር.አይ. እንድትመረመር አሳስቧል። ምት ያገኛት ግን ይህን ጊዜ ሳትጠብቅ መመርመር አለባት። የተቀደደ የሲሊኮን ከረጢት ነቀርሳ እንደሚያመጣ አልተረጋገጠም፤ ቢሆንም በቀዶ ሕክምና እንዲወጣ ይመከራል።

ጡቱ ከረጢት ቢኖረውም ባይኖረውም ማንኛዋም የተመታች ሴት የሚከተለውን ታድርግ። በመጀመሪያው ቀን በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ለ15 ደቂቃ ያህል እየደጋገመች ታኑርበት፤ ጡቱንም በሚደግፍ ልብስ ትያዘው። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል፤ አስፕሪን ደም ስለሚያቀጥን አይወሰድ። ቅቤ ቀብቶ ማሸት፥ በትኩስ ነገር መተኮስ፥ በዋግምት ደም ማውጣት ፈጽሞ አይገባም። በአንድ ወቅት በውጭ አገር ያሉ ሐኪሞችም ሳይቀሩ የጠነከረውን ሽፋን በእጃቸው አጥብቀው በመጭመቅ ይሰብሩት ነበር፤ ነገር ግን ከረጢቱ ስለ ፈነዳ አሠራሩን ትተውታል። ሐኪም የተወውን ሥራ ወጌሻ ሊሠራው አይገባም።

እብጠቱ በፍጥነት ካደገ፥ መተንፈስ ካስቸገረ፥ ደም የተቀላቀለበት አክታ ከወጣ፥ ራስን የሚያስት ድካም ከመጣ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ትኩሳትና መቅላት ቢታይ ሳይውል ሳያድር መታየት ይገባል። እባጭ ከ3 ሳምንት በኋላ ካልጠፋ፥ ከጡት ጫፍ ደም ከፈሰሰ፥ ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ከሆነ ወይም በብብት ዕጢ ከተገኘ ምቱን ምክንያት አድርጎ መዘግየት አይገባም። በሆሳዕና የሚገኘው የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ለዚህ ቅርብ ነው፤ ከፍ ያለ ምርመራ ሲያስፈልግ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ይላካል። ከረጢት ያለባት ሴት ለሐኪሙም፥ ራጅ ለሚያነሣውም ባለሙያ አስቀድማ ትንገር፤ የጡት ራጅ ጡትን ስለሚጫን ጥንቃቄ ይደረግላታል።

በባልዋ የተመታችዋ እኅት «ወድቄ ነው» ብላ ትመጣለች። እኛ የምንለምናት እውነቱን እንድትነግረን ነው፤ የምቱ ኃይልና ስፍራ ካልታወቀ ምርመራው ይጎድላልና። ሐኪም የሰማውን በአደባባይ አያወራም። ሚስትን መምታት የቤት ምስጢር ሳይሆን በሕግ የሚያስቀጣ ወንጀል መሆኑንም ሁሉ ይወቅ።

የተከበራችሁ መምህራን ሆይ፥ በእናንተ ትምህርት ቤት ያሉት ልጃገረዶች ነገ እናቶች ናቸው። ጡት እንደ እጅና እንደ እግር የሰውነት ክፍል መሆኑን፥ ስለ እርሱ ለሐኪም መናገርም ነውር አለመሆኑን ከእናንተ ቢሰሙ ብዙ ሕይወት ይድናል። አባቶቻችን «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ለዚህ ነው።