ያላመነ ሰው ከጉባኤው እስከ የት?

በሰሜን ወሎ፣ በመርሳ ዙሪያ በሚገኙ ብዙ የሀብሩ ቀበሌዎች ሰው ሲሞት የቀብር መረዳጃው ማኅበር፣ ቅሬው፣ የሟቹን ሃይማኖት አይጠይቅም። ሟቹ ክርስቲያን ከሆነ ሙስሊሙ ጎረቤት ቃሬዛውን ከሌሎች ጋር እየተቀባበለ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ያደርሳል። ካህናቱ ፍትሐት ሲያደርሱ ራቅ ብሎ ከዛፍ ሥር ይቆማል፤ አፈር ሲመለስ ደግሞ አካፋ ተቀብሎ ያግዛል። አርባው ደርሶ ተዝካር ሲወጣ ግን ድስቱ ሁለት ነው። ለሙስሊሙ የሚቀርበው በሙስሊም እጅ የታረደ ነው፤ የክርስቲያኑ ለብቻው ይሠራል። በዚህ ማንም ቅር አይለውም።

ያላመነ ሰው በክርስቲያኖች ጉባኤ መገኘት አለበት ወይ የሚለው ጥያቄ ከክርስትናው እኩል ያረጀ ነው። በዚህ አገር ግን ከመጽሐፍ ክርክር ይልቅ የጉርብትና ጉዳይ ሆኖ ኖሯል። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከሰሜን ወሎ ነዋሪ ከመቶ 82 ያህሉ ኦርቶዶክስ፣ 17 ያህሉ ሙስሊም ነበር። ሀብሩ ሲደረስ መልኩ ይለወጣል፤ እዚያ የሚበዛው ሙስሊሙ ነው።

የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ለጥያቄው የሰጠችው መልስ በቅዳሴው ውስጥ ይገኛል። ከጳውሎስ መልእክት፣ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክታትና ከግብረ ሐዋርያት ይነበባል፤ ምስባክ ይሰበካል፤ ከዚያም ካህኑ ወንጌል ያነባል። ይህ ሁሉ ገና ላልተጠመቀ ሰው ጭምር ነው። ከወንጌሉ በኋላ ግን ዲያቆኑ ንዑሰ ክርስቲያን፣ ማለትም ገና ያልተጠመቁት፣ እንዲወጡ በግእዝ ያውጃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ለተጠመቁት ብቻ ነው። ሲኖዶስ በተባለው የሥርዓት መጽሐፍ ውስጥ የሚገኘው ጥንታዊ ሥርዓት ለመጠመቅ የሚዘጋጅ ሰው ሦስት ዓመት ቃሉን እየሰማ እንዲቆይ ያዝዛል፤ ጸሎቱም ለብቻው ነው፣ የሰላምታውን መሳሳም ገና አይካፈልም። ስለዚህ የጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ያላመነውን ከመስማት አልከለከለችም፤ የከለከለችው ከማዕዱ ነው።

ዛሬ ያ አዋጅ ሲሰማ ከቦታው የሚነቃነቅ የለም። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ስለሚጠመቁ በቅጥሩ ውስጥ የቆመው ሁሉ ክርስቲያን ነው። ይሁንና የሚቆርበው ጥቂት ነው፤ በአብዛኛው ሕፃናትና አረጋውያን። ወደ ቅዳሴው ለመግባት ሕሊናው ያልፈቀደለት ከውጭ ከግንቡ ሥር ሆኖ ያስቀድሳል። ስብከቱ ደግሞ ከዐውደ ምሕረቱ በድምፅ ማጉያ ወጥቶ ሙስሊሙም ቤት ይደርሳል።

በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ነገሩ ሌላ ቅርጽ ይይዛል። ጌታን ያልተቀበለ ሰው በእሑድ አምልኮ ላይ የሚጠበቅ እንግዳ ነው፤ ተነሥቶ ሰላምታ ይቀበላል፤ ስብከቱም ወደ እርሱ ያነጣጥራል። የጌታ እራት ሲቀርብ ግን ጽዋው ያልፈዋል። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት፣ ምዕራፍ 14 ላይ፣ ያላመነ ሰው ወደ ጉባኤው ይገባል ብሎ ያስባል፤ ስለዚህም ንግግሩ ለሰሚው ግልጽ እንዲሆን ያሳስባል። በቺካጎ አቅራቢያ በ1975 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የተመሠረተችው ዊሎ ክሪክ ይህን እጅግ አርቃ ሄደች፦ እሑድን በአብዛኛው ላላመኑ አድርጋ፣ አማኞቿን በሳምንቱ መካከል ሰበሰበች።

የወልድያና የመርሳ አገር የጁ ግን ከሁሉም የከበደ ትምህርት አለው። በዘመነ መሳፍንት ጎንደርን በእንደራሴነት የገዙት ወረ ሼሆች የዚህ አገር ልጆች ናቸው፤ ከሙስሊም ዘር ወደ ክርስትና የገቡ። ክርስቲያን ሆነው ሲገዙም እምነታቸው በጥርጣሬ ይታይ ነበር። በ1834 ባላንጣቸው ደጃዝማች ውቤ የወረ ሼሁን ራስ ዓሊን ደብረ ታቦር ላይ ሲገጥሙ ጳጳሱ አቡነ ሰላማ ከውቤ ጎን ቆሙ፤ የዓሊም ክርስትና አንዱ መከሰሻ ነበር።

ከዚያ የባሰው በ1870 መጣ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጠርተው ክርስቲያኖቹ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የነበራቸውን ክርክር ከፈረዱ በኋላ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ አዘዙ። ከወሎ መሳፍንት አንዱ መሐመድ ዓሊ፣ ሚካኤል ተባለ፤ የክርስትና አባቱ ራሳቸው ንጉሠ ነገሥቱ ሆኑ። ሌላው መስፍን አባ ዋጠው፣ ኃይለ ማርያም ሲባል የክርስትና አባቱ ምኒልክ ነበሩ። መሳፍንቱ ሹመት ነበራቸውና ተቀበሉ፤ ብዙው ገበሬ ግን በልቡ አልገባም። የካቶሊኩ ሚሲዮናዊ ማሳያ፣ ተጠምቀው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ በቀጥታ ወደ ሼሃቸው ሄደው ጥምቀቱን ስለሚያስፈቱ ሰዎች ጽፏል። ሼህ ጠልሃ ጃዕፈር የተባሉ የእስልምና መምህር ደግሞ ትእዛዙን ተቃውመው መሣሪያ አነሡ። ቤተ ክርስቲያን በግድ የገቡ ሰዎችን በማዕዷ ዙሪያ አቆመች፤ ያተረፈችው አመፅና በስም ብቻ ክርስቲያን የሆነ ሕዝብ ነው።

ይህ ታሪክ ጥያቄውን ይፈታዋል። ያላመነውን ሰው የጎዳው በቅጥሩ ውስጥ ቆሞ መስማቱ አልነበረም፤ ሳያምን እንዳመነ መቆጠሩ ነው። በራሱ ፈቃድ የመጣ ሙስሊም ለቀብር፣ ለጠበል ወይም ለጎረቤቱ ልጅ ሠርግ ቢገኝ ቤተ ክርስቲያን ምንም አይጎድልባትም።

ለጎረቤቱ ሙስሊም ክፍት የሆነው በር የሚጠብበት አንድ ሰው ግን አለ፦ ከኦርቶዶክስ ወጥቶ ወንጌላዊ የሆነው ዘመድ። እንዲህ ያለው ሰው ሲሞት በአጥቢያው መካነ መቃብር ይቀበር አይቀበር የሚለው በብዙ የአገሪቱ አካባቢዎች ጠብ ሲያስነሣ ኖሯል፤ ከቅሬና ከእድር የተገለለም አለ። ከሌላ እምነት የመጣውን ተቀብሎ የራስን ሥጋ መግፋት ትክክል አይደለም። የማዕዱ ሥርዓት እንደ ተጠበቀ ይኑር፤ ለቀብርና ለለቅሶ ግን በሩ ለሁሉም እኩል ይከፈት። በወልድያ፣ በመርሳና በግራና ያሉ ሰበካ ጉባኤያት፣ የወንጌላውያን ሽማግሌዎችና የቅሬ ዳኞች ሬሳ በር ላይ ከመቆሙ በፊት በዚህ ጉዳይ አብረው ሊቀመጡና ሊወስኑ ይገባል።